ዘጠናው ሰከንድ የታጣበት ጁምዓ

ከሚሴ ላይ ኮምፒውተር እምቢ ያለው ሰው "አያ አሊ የት ናቸው?" ብሎ ይጠይቅ። የትኛውም ባጃጅ ነጂ ቤቴ ድረስ ያመጣዋል። ይህን ለጉራ አልጽፈውም፤ ለጉራ ቢሆንማ የምጽፈው ሌላ ብዙ ነበረኝ። ዛሬ የምጽፈው ግን ሰው ፊት ደፍሬ ሙሉውን ተናግሬው የማላውቀውን ነገር ነው።

ትምህርት ቤት የቆየሁት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ከዚያ ወዲህ ያስተማረኝ ሰው የለም። በወጣትነቴ ሬዲዮ እጠግን ነበር፤ የባቲና የሰንበቴ ነጋዴዎች ድምፁ የጠፋባቸውን ሬዲዮ በፎጣ ጠቅልለው ያመጡልኝ ነበር። ከሬዲዮ ወደ ቴሌቪዥን፣ ከቴሌቪዥን ወደ ኮምፒውተር ተሻገርኩ። እንግሊዝኛውን ከመዝገበ ቃላት ለቀምኩት። ሥልሳ አምስት ዓመት ካለፈኝ በኋላ፣ ዲግሪ የያዙ ልጆች አይተው የተመለሱትን ሥራ ብቻዬን ጨርሻለሁ። ያ ሥራ ነው ጉዴን ያመጣው።

በከተማችን ለሐጅ የሚሄዱ ሰዎችን ሰነድ የሚያዘጋጅ አንድ የግል ቢሮ አለ። ስሙን መጥራት አያስፈልግም። ኃላፊው ሐጂ ኑርየ ይባላሉ። መብራት በሄደ በመጣ ቁጥር የተጓዦቹ መዝገብ እየተበላሸ አስቸገራቸውና ጠሩኝ። እኔም ሁለት ያገለገሉ ሰርቨሮች፣ ማለት የቢሮውን ፋይል ሁሉ የሚይዙ ኮምፒውተሮች፣ አስገዝቼ፣ ሁለቱ አንድ ዲስክ እንዲጠብቁ አድርጌ አገናኘኋቸው። አንዱ ሲወድቅ ሌላው ወዲያው ሥራውን ይረከባል። ጸሐፊዎቹ መውደቁን እንኳ አያውቁም። በዚህ አካባቢ ከእኔ በፊት ይህን የሠራ ሰው ካለ ይምጣና ይንገረኝ።

አሁን አንድ ነገር ላስረዳችሁ፤ ያለዚህ የሚቀጥለው አይገባችሁም። የተጓዦቹ ዝርዝር አንድ ፋይል ነው። አንድ ጸሐፊ ሊጽፍበት ሲከፍተው ሰርቨሩ ይቆልፍለታል፤ ሌላው እሱ እስኪዘጋ ድረስ ይጠብቃል። ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ የሚያውቀው ግን ያ ሰርቨር ነው። እሱ ሲወድቅ ዕውቀቱም አብሮት ይወድቃል። ተረካቢው የሚያገኘው ፋይሉን እንጂ የቁልፉን ባለቤት አይደለም።

ይህን ከቦኖ ውኃ የተሻለ የሚያስረዳ ነገር የለም። ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ደርድረው ተራ ይይዛሉ። ቦኖው ድንገት ሲደርቅ ጀሪካኑን አንስተው ወደ ሌላኛው ቦኖ ይሄዳሉ። እዚያ ያለችው አስቀጂ ልባም ከሆነች ቧንቧውን ወዲያው አትከፍትም። "ቆዩ! የዚያኞቹ መጀመሪያ ተራቸውን ይያዙ" ትላለች። የዘገየችው አሮጊት ጀሪካኗን እየጎተተች ደርሳ ቦታዋን እስክትይዝ አዲስ መጪ አይቀዳም። ሰርቨርም እንደዚሁ ነው። ተረካቢው ለዘጠና ሰከንድ አዲስ ቁልፍ ለማንም አይሰጥም፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የቀድሞዎቹ ባለቁልፎች እየመጡ "ይኼ የእኔ ነበር" ይሉታል።

ያቺን ዘጠና ሰከንድ ሐጂ ኑርየ ጠሏት።

"አሊ፣ ስክሪኑ ላይ ያ ክብ ነገር ሲዞር ልቤ አብሮ ይዞራል" አሉኝ አንድ ቀን። "ማሽንህ ጎበዝ ነው ትላለህ፤ ታዲያ ምን ያስተኛዋል?"

ማሽንህ ተኛ መባል ለእኔ ልጅህ ሰነፍ ነው እንደ መባል ነው። የዚያኑ ዕለት ገብቼ ዘጠናውን ዜሮ አደረግኩት። ምን እንደሆነ ሳላውቅ አልነበረም። አውቅ ነበር። ማሽኑ ከዚያ በኋላ ዓይን ጨፍነው እስኪገልጡ እንኳ አይቆይም ነበር፤ እኔም በየሻይ ቤቱ አወራሁት።

አሁን ወደ ይመር ልምጣ።

ይመር ጓደኛዬ ነው። አብረን ነው ያደግነው። እሱ ከከሚሴ ወጣ ብሎ ማሽላውን ሲያርስ ኖረ፣ እኔ ከተማ ገብቼ ሽቦ ስቀጥል። አማርኛውንና ኦሮምኛውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ቀላቅሎ ሲቀልድብኝ ሃምሳ ዓመት አለፈ። ገና ወጣት ሳለን አብረን ሐጅ ልንሄድ በልባችን ነይተናል። ዘጠናውን ባጠፋሁበት ዓመት የሁለታችንም ነገር ተሳካ። ለእሱ ደግሞ የመጨረሻው ዕድል ነበር፤ ልቡ ደክሟል። ሐኪሙ "አባቴ፣ የሚሄዱ ከሆነ ዘንድሮ ይሂዱ። ለከርሞ እንዲህ ያለውን ጉዞ ልብዎ አይችለውም" ብሎ በግልጽ ነግሮታል።

የእኔ ስም ቀደም ብሎ ገብቷል። የእሱ ፓስፖርት ግን ዘግይቶ ከደሴ የደረሰው ዝርዝሩ በሚላክበት በመጨረሻው ቀን፣ ጁምዓ ጠዋት ነው። ረፋዱ ላይ ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ፣ ፓስፖርቱን በሁለት እጁ እንደ እንቁላል ይዞ ቢሮው ገባ።

"አካም ጅርታ ኢንጂነር! ሽቦው ዛሬም አልበላህም?"

"አንተን ሲጠብቅ ነው።"

"እኔ ምኔ ይበላል፤ አጥንት ነኝ። እስቲ ንገረኝ፣ መካ የምትሄደው ካዕባውን ለጠዋፍ ልትዞር ነው ወይስ የሐረሙን መብራት ልትጠግን?"

ጸሐፊዎቹ ሁለት ናቸው፤ ከድርና ዘይነባ። ሁለቱም ከት ብለው ሳቁ። ከድር ሠላሳውን ያለፈ፣ የሦስት ልጆች አባት፣ ጽሕፈቱ የማይሳሳት ሰው ነው። ዝርዝሩን ከፍቶ የይመርን ስም ከመጨረሻው ረድፍ ጻፈ። ጽፎ እንደጨረሰ አዛን አለ።

"አያ ይመር" አለ ከድር እየተነሳ፣ "ጁምዓ ደርሷል። ስመለስ ከፓስፖርቱ ጋር አመሳክሬ አስቀምጠዋለሁ።"

ፋይሉን አልዘጋውም። በዚያ ቢሮ እንዲህ ነበር ልማዱ። ወደ ሶላት የሚሄድ ሰው ያልጨረሰውን ፋይል ክፍት ትቶ ይሄዳል፤ ቁልፉ በእጁ ስለሆነ ማንም አይነካበትም። "አማና ነው፣ አደራ ነው" ይሉታል። ማንም አልደነገገውም፤ የእኔን ማሽን አምነው ራሳቸው ያመጡት ነው።

ዘይነባ ቢሮ ቀረች። እሷም የሰንበቴ ተጓዦችን ስልክ ቁጥር ልታርም ዝርዝሩን ጠይቃ፣ ማሽኑ "ከድር ይዞታል፣ ጠብቂ" ብሏታል። ጥያቄዋን እንደጠበቀ ትታው የሷን ዙሁር ልትሰግድ ወደ ጓዳ ገባች።

እኔም መሄድ ነበረብኝ። ግን በዚያው ሰዓት አንድ የኮምፒውተር ባለሙያ ወጣት ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሲያልፍ፣ ስሜን ሰምቶ ሥራዬን ሊያይ ጎራ ብሎ ነበር። ዲግሪ ያለው ሰው እኔን ሊያይ ሲመጣ እንዴት አድርጌ ቶሎ ልሸኘው!

"አያ አሊ፣ አንዱ ሲወድቅ ስንት ጊዜ ይቆያል?" አለኝ።

"አይቆይም።"

"ቁልፎቹ እስኪመለሱስ? የመጠበቂያው ጊዜ የለም?"

"አጥፍቼዋለሁ። እሱ የፈሪ ነው። ቁም እዚህ፣ በዓይንህ እይ።"

የመጀመሪያውን ሰርቨር ገመድ ከሶኬቱ ነቀልኩት።

የሁለተኛው መብራት ብልጭ አለና ሥራውን ያዘ። ሳል ያህል እንኳ አልቆየም። ወጣቱ "ማሻአላህ!" አለ። ትንሽ ቆይቶ ግን፣ "ፋይል ከፍቶ የሄደ ሰው ካለስ?" ብሎ ጠየቀኝ።

"ሁሉም ሶላት ላይ ናቸው" አልኩት። ፋይሉን ከፍቶ የሚሄደው ሶላት ላይ ያለ ሰው ነው፤ ይህን በአፌ እየተናገርኩ በልቤ አልመጣልኝም። የነቀልኩትን ገመድ መልሼ፣ ወጣቱን ሸኝቼ፣ መስጊድ ስደርስ ኹጥባው እየተጋመሰ ነበር። ከተባለው አንድ ቃል አላስታውስም። የወጣቱን "ማሻአላህ" ነበር ስሰማ የቆየሁት።

ከሰዓት ቢሮው ሥራ በሥራ ሆነ። ከድር ተመልሶ የይመርን ስም ከፓስፖርቱ ጋር አመሳክሮ አስቀመጠ። ዘይነባም የሰንበቴዎቹን ስልክ አርማ አስቀመጠች። አሥር ሰዓት ሲል ሐጂ ኑርየ ዝርዝሩን ወደ አዲስ አበባ ላኩና አትመው ወደ ደጅ ወጡ።

የታተመውን ዝርዝር በደጅ ቆሞ ማንበብ የሐጂ ኑርየ ወግ ነው። ሰው ተሰብስቦ ይቆማል፤ ስሙ የተጠራ "ለበይክ" ይላል፤ ሴቶቹ እልል ይላሉ። የእኔ ስም ተጠራ። ድምፄን ከፍ አድርጌ "ለበይክ!" አልኩ። ይመር ጎኔን በክርኑ ጎሰም አድርጎ፣ "ቀስ በል፣ መካ ድረስ ተሰማ" አለኝ። ሐጂ ኑርየ አንብበው አንብበው ወረቀቱን አጠፉት።

"አላህ ያግራላችሁ" አሉ።

ሰው መተቃቀፍ ጀመረ። ይመር ቆሞ ቀረ።

"ማል ተኤ? ምን ሆነ?" አለኝ ቀስ ብሎ። "ጆሮዬ ነው መሰለኝ። አልሰማሁም። አሊ፣ ጠርተውኛል?"

"እንዴ! ጠርተውሃል እንጂ" አልኩ፣ ግን እኔም አልሰማሁም። ወረቀቱን ተቀብዬ በመነጽሬ ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ አየሁት። የለም።

ገብተን በሩን ዘጋን። ከድር ፊቱ አመድ መሰለ። ሐጂ ኑርየ አዲስ አበባ ደውለው ስልኩን ድምፁን ከፍተው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። ከወዲያ ያለው ሰውዬ ረጋ ያለ ነው።

"ሐጂ፣ መዝገቡ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ሰውዬው በጊዜ ተመዝግቦ ማሽን ያጠፋው ከሆነ፣ ባለሙያችሁ ይህንኑ ጽፎ ይፈርምና አሁኑኑ ላኩልኝ፣ እጨምረዋለሁ። ጸሐፊው ረስቶ ከሆነ ግን በጊዜው አልተመዘገበም ማለት ነው። ለከርሞ ይሁን። ባለሙያችሁ ምን ይላል?"

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ለአሥራ አንድ ሃያ አምስት ደቂቃ ይላል።

አንባቢዬ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ቆዩልኝ፣ ምክንያቱም እኔ አልቆየሁም። "እስቲ ልይ" ማለት ይቻል ነበር። "እኔ ነኝ" ማለት ይቻል ነበር። አንድ ፊርማ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው።

"የእኔ ማሽን ስም አይበላም" አልኩ።

"አያ አሊ" አለ ከድር፣ "ወላሂ አስቀምጫለሁ። 'ተቀምጧል' ሲለኝ በዓይኔ አይቻለሁ።"

"እንግዲያው ዓይንህን አስመርምር።"

"አያ አሊ፣ በአላህ..."

"ረስተህ ነው! ሰው ይረሳል። ማሽን አይረሳም። በራስህ ጥፋት የእኔን ሥራ አታቆሽሽ!"

ዘይነባ አንገቷን ደፋች። ሐጂ ኑርየ ይመርን አዩት። ይመር ደግሞ እኔን አየኝ፤ ከዚያም ቀስ ብሎ፣ "አሊ ካለ ነው" አለ። "አሊ ማሽኑን ያውቀዋል። ልጁን አታስጨንቁት። ሰው ነው፣ ረስቶ ነው።"

ስልኩ ተዘጋ።

ወደ ሰርቨሮቹ ክፍል የገባሁት እውነቱን ለመፈለግ አልነበረም። ማሽኑ የሠራውን ሁሉ በሰዓት እየጻፈ ያስቀምጣል። ያን አትሜ የከድርን መርሳት በወረቀት ላሳየው ነበር። እያነበብኩ ወደ ኋላ ሄድኩ። ገመዱን የነቀልኩባት ደቂቃ ላይ ደረስኩ። የተጻፈው አጭር ነው። ሁለተኛው ሰርቨር ተረከበ። በሁለተኛው ሰከንድ የዘይነባ ኮምፒውተር ቁልፉን ጠየቀ፤ ተሰጠው። በሰባተኛው ሰከንድ የከድር ኮምፒውተር "ይኼ የእኔ ነበር" አለ፤ ተከለከለ።

አሮጌ ኮምፒውተር ነው፤ የሰርቨሩን መውደቅ እስኪያውቅ ሰባት ሰከንድ ፈጀበት። ዘጠና ቢጠበቅ ኖሮ ሰማንያ ሦስት ይተርፍ ነበር። የዘይነባ ስክሪን ዝርዝሩን የከፈተው ያን ጊዜ፣ የይመር ስም ገና ሳይቀመጥ ነው። ማሽኑ ቁልፍ የሚጠይቀው ፋይል ሲከፈት እንጂ ሲቀመጥ አይደለምና፣ ከድር ተመልሶ መከልከሉን ሳያውቅ በስክሪኑ ላይ የቆየውን አስቀመጠ። ከእሱ በኋላ ዘይነባ ይመር የሌለበትን የራሷን በላዩ አስቀመጠችበት። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ሰዓቴን አየሁ። ከአሥራ አንድ አሥር ደቂቃ አልፏል።

ስወጣ ከድር ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ነበር። ቀና ብሎ አየኝ። የያዝኩትን ወረቀት አጥፌ ኪሴ ከተትኩና፣ ሰላም እንኳ ሳልለው አለፍኩ።

ቅዳሜና እሑድ ከቤት አልወጣሁም። ሰኞ ጠዋት ወረቀቱን ሐጂ ኑርየ ፊት ዘረጋሁት። አንብበው ጨረሱ። ከዚያ አዲስ አበባ ደወሉ።

"ቦታው ሁሉ ተደልድሏል፤ ጁምዓ ዕለት ቢሆን ኖሮ..." አለ ሰውዬው።

"የእኔን ስጡት" አልኩ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብዬ።

"አባቴ፣ የራስዎን መልቀቅ ይችላሉ። ለማን እንደሚሰጥ ግን እርስዎ አይወስኑም። ተራ ለሚጠብቀው ነው የሚደርሰው፤ የት አገር እንዳለም አላውቅም።"

"ቢሆንም እለቃለሁ!" አልኩ። ሰዎች ቆመው እያዩኝ ነበር። ሐጂ ኑርየ "አሊ፣ ትንሽ አስብበት" ቢሉኝም እስክሪብቶውን ተቀብዬ እዚያው ፈረምኩ። ስወጣ ዓይኖች ሁሉ እንደተከተሉኝ አውቃለሁ። ልክ ጁምዓ ዕለት ገመዱን ስነቅል እንደተሰማኝ ነበር የተሰማኝ፤ ያን ጊዜ ግን ይህን አላስተዋልኩትም።

ይመርን ከበረቱ ጥላ ሥር ተቀምጦ የማጭዱን እጀታ ሲጠርብ አገኘሁት።

"አፉ በለኝ፣ ይመር።"

"ለምኑ?"

አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። ስለ ዘጠናው፣ ስለ ገመዱ፣ ስለ ከድር። እንጨቱን መጥረቡን አላቆመም።

"ሰባት ሰከንድ?" አለ ስጨርስ።

"ሰባት።"

"እኔ እኮ ጉሮሮዬን ስጠርግ እንኳ ከዚያ የበለጠ እቆያለሁ።" ሳቅ አለ። ከዚያ ሳቁን ዋጠው። "አፉ ብያለሁ። ጥፋቱ የሽቦ ነው። የከድርን ሐቅ ግን እኔ አፉ ልልልህ አልችልም። እሱጋ አንተው ሂድ።"

"እሄዳለሁ። ሌላም አለ።" የፈረምኩበትን ወረቀት ቅጂ ከኪሴ አወጣሁ። "እኔም አልሄድም። አንተ በሌለህበት አልሄድም ብዬ ቦታዬን ዛሬ ለቅቄያለሁ።"

ይነሳል፣ ያቅፈኛል ብዬ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ለዚያ ነበር የመጣሁት።

ቢላዋውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

"ለማን ለቀቅከው?"

"ለማላውቀው ሰው።"

"ማን ጠየቀህ?"

"ይመር..."

"እኔ ጠይቄሃለሁ? አንድ ቀን 'አሊ፣ አትሂድ' ብዬሃለሁ?" ድምፁ ከፍ ሲል የሰማሁት ያን ዕለት ብቻ ነው። "ሦስት ቀን ራሴን ምን እያልኩ እንዳጽናናሁት ታውቃለህ? አሊ አለልኝ እያልኩ ነው። እኔ ባልደርስ አሊ ይደርሳል። ካዕባው ፊት ቆሞ ይመር የሚባል ሰው ነበረ ብሎ ዱዓ ያደርግልኛል እያልኩ ነው። መልሰው! ሂድና መልሰው!"

"አይመለስም። ፈርሜያለሁ።"

ይመር ተነስቶ ወደ ማሽላው ገባ። እኔ ብዙ ቆየሁ፤ እሱ ግን እኔ እያለሁ አልተመለሰም።

በሚቀጥለው ጁምዓ፣ ዝርዝሩ በተነበበበት ደጅ ላይ ቆሜ፣ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የከድር እንዳልሆነ ሰው እየሰማ ተናገርኩ። ከድር ከቢሮው ወጥቶ ጨበጠኝ። "አፉ ብያለሁ" አለ። ሁለት ወር አልቆየም፤ ሌላ ሥራ ይዞ ወደ ኮምቦልቻ ሄደ።

ይመር ክረምቱ ሲወጣ ሞተ። እስከዚያ ድረስ አልተኳረፍንም። ሽቦው አልበላህም ወይ እያለ መጠየቁን አላቆመም። ስለ መካ ግን ከዚያ ሰኞ ወዲያ አንድ ቃል ከአፉ አልወጣም፤ እኔም ላነሳው አልደፈርኩም። ሲገነዝ ነበርኩ። ቀብሩ ላይ ከአፈሩ ዘግኜ ጣልኩ።

ዘጠናውን ሰከንድ መልሼዋለሁ። ጸሐፊዎቹ ሲያጉረመርሙ "ይዙር፣ ይጠብቅ" እላቸዋለሁ። ማሽኑን በሚመለከት ዛሬም የሚበልጠኝ ሰው አላየሁም፤ ይህን የምለው ስለማምንበት ነው። እናንተን የምለምናችሁ ግን ስለ ማሽን አይደለም። ሰው በድላችሁ ልትክሱት ስትነሱ፣ መጀመሪያ ምን እንደሚፈልግ እሱን ጠይቁት። እኔ ስልኩን ጠየቅኩ፣ ሐጂ ኑርየን ጠየቅኩ፣ እስክሪብቶ ጠየቅኩ። እሱን አልጠየቅኩትም።

ዘንድሮ ስሜ እንደገና ዝርዝሩ ውስጥ ገብቷል። ለሞተ ሰው ሐጅ ማድረግ እንደሚቻል ሰምቼ ሼሁን ጠየቅኳቸው። "ይቻላል" አሉኝ፣ "ግን ለሌላ ሰው የሚያደርገው አስቀድሞ የራሱን ያደረገ ነው።" ያን ዓመት ሄጄ ቢሆን ኖሮ ዘንድሮ የምሄደው ለይመር ነበር። አሁን ግን ለራሴ ነው የምሄደው። ለእሱ ለመሄድ ሌላ ዓመት ያስፈልገኛል። እኔም ሐኪም ቤት መመላለስ ጀምሬያለሁ።